አረጋዊ ወላጅን በአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ ላይ በጥገኝነት የማስመዝገብ ሥርዓት

በአሜሪካ የፌዴራል የገቢ ግብር ሕግ ጥገኛ የሚባለው፣ ሕጉ በዘረዘራቸው መለኪያዎች መሠረት በግብር ከፋዩ ድጋፍ የሚኖር ሰው ነው። ወላጅን መጦር በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሳይጻፍ የጸና ግዴታ ቢሆንም፣ የግብር ሕጉ ጧሪውን የሚለየው በስሌትና በማስረጃ ስለሆነ፣ የሚከተሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል መፈጸም ያስፈልጋል።

1. ነዋሪነትን ማረጋገጥ። ወላጁ የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ይኖርበታል። ግሪን ካርድ ይዞ በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ ይህን መለኪያ ሲያሟላ፣ ከልጁ ጋር በአንድ ቤት ባይኖርም መብቱ አይቀርም። የአሜሪካ ዜግነት ለሌላቸውና በኢትዮጵያ ለሚኖሩ ወላጆች የሚላክ ገንዘብ ግን ምንም ያህል ቢበዛ ጥገኛ አያሰኛቸውም፤ ከላኪው ገቢ ላይም ተቀናሽ አይሆንም።

2. የወላጁን ገቢ መመዘን። ለ2025 የግብር ዓመት የወላጁ ጠቅላላ ገቢ፣ ማለትም ግብር የሚከፈልበት ገቢ ሁሉ፣ ከ5,200 ዶላር ማነስ አለበት። ግብር የማይከፈልበት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም።

3. የድጋፉን መጠን ማስላት። ልጁ ከወላጁ የዓመት መተዳደሪያ ከግማሽ በላይ የሆነውን መሸፈን አለበት። መተዳደሪያ ሲባል ወላጁ የሚኖርበት ክፍል ቢከራይ የሚያወጣው ዋጋ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምናና መጓጓዣ ይጠቃለላሉ። በሁለተኛው ደረጃ ያልተቆጠረው የጡረታ ገንዘብ ለወላጁ ኑሮ ከዋለ እዚህ ላይ እንደ ራሱ ድርሻ ስለሚቆጠር፣ ሁለቱ ስሌቶች እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ተገቢ ነው።

4. ከወንድምና ከእህት ጋር መስማማት። ሦስት ልጆች እናታቸውን 40፣ 30 እና 30 በመቶ እየተካፈሉ ቢጦሩ፣ ብቻውን ከግማሽ በላይ የሸፈነ የለም። ሕጉ በዚህ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ካዋጡት አንዱ እንዲያስመዘግባት ይፈቅዳል፤ ከ10 በመቶ በላይ ያዋጡት ሌሎቹ ግን ለዚያ ዓመት መብታቸውን መተዋቸውን በፊርማ ማረጋገጥና አስመዝጋቢው ቅጽ 2120ን ከማስታወቂያው ጋር ማያያዝ አለባቸው። ስምምነቱ ዓመታዊ ስለሆነ ተራ መግባት ይቻላል።

5. ማስታወቂያውን ማቅረብ። የወላጁ ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በትክክል ሲሞላ፣ አስመዝጋቢው እስከ 500 ዶላር የሚደርስ የግብር ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል፤ ቅናሹ ግብሩን ከመቀነስ አልፎ በጥሬ ገንዘብ አይመለስም። ያላገባና ወላጁ ከሚኖርበት ቤት ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሸፍን ልጅ ደግሞ ዝቅተኛ ግብር በሚያስከፍለው የቤተሰብ ኃላፊ መደብ ሊያስታውቅ ይችላል፤ ሆኖም በቅጽ 2120 ብቻ የተመዘገበ ወላጅ ለዚህ መደብ አያበቃም።

ደረሰኞችንና የባንክ ማስረጃዎችን ማስታወቂያው ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ማቆየት፣ የልጆችን ስምምነትም ማስታወቂያ ከመቅረቡ በፊት በጽሑፍ ማድረግ፣ ሁለት ልጆች አንድን ወላጅ አስመዝግበው ከግብር ባለሥልጣኑ ጋር ከመጋጨትና እርስ በርስ ከመቀያየም ያድናል።