የተማሪ ምግባርና ቅን ፍርድ



ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከወግዲና ከከላላ ወጥተን በከፍተኛ ትምህርት ላይ የምንገኝ ወጣቶች ጥቂት አይደለንም። ከመካከላችን አንዱ ከትምህርቱ ቢሰናበት የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በግና ገብስ ሸጠው የላኩት ወላጆቹም አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ አንድ መንፈሳዊ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማሪውን እንዴት ሊቀጣ እንደሚገባው ዛሬ እናጠናለን።

ሥርዓት ስለምን ያስፈልጋል?

በአብነት ትምህርት ቤት ደቀ መዝሙሩ ከየኔታ እግር ሥር ሲቀመጥ ከትምህርቱ ጋር ሥርዓቱንም ይቀበላል። ዛሬ ቅድስት ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ በኋላ እንደገና የተከፈተው የቤተ ክርስቲያናችን ከፍተኛ ትምህርት ቤትም ነገ ሕዝብ የሚያስተምሩ አገልጋዮችን ያወጣል። እንዲህ ያለው ቤት ጸሎትን፣ ጾምንና ጨዋነትን ከተማሪው ቢሻ ተገቢ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን፣ በመካነ ሰላም ግቢ ያለውን መቅደላ አምባን ጨምሮ፣ ስለ ጾም ተማሪን አይጠይቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ደንግጓልና።

እንግዲህ መንፈሳዊው ቤት ከተማሪው ብዙ የሚሻ ከሆነ፣ በፍርዱም ከሌላው ይልቅ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ቅን ፍርድ በምን ይታወቃል?

1ኛ. አስቀድሞ በመስማት። እግዚአብሔር ሁሉን ሲያውቅ አዳምን ጠርቶ ጠየቀው እንጂ ሳይሰማው አልፈረደበትም (ዘፍ. 3)። ኒቆዲሞስም ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ተከራክሯል (ዮሐ. 7፥51)።

2ኛ. ምስክርን በመመርመር። በሶስና ላይ የመሰከሩት ሁለት ሽማግሌዎች ፈራጆች ነበሩ፤ ሕዝቡም ክብራቸውን አይቶ አመናቸው። ዳንኤል ግን ለየብቻ አቁሞ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት ቢጠይቃቸው ቃላቸው ተለያየ። ከዚህ እንደምንማረው የከሳሽ ማዕርግ ማስረጃ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 በወንጀል የተከሰሰ ሰው ማስረጃውን እንዲያይና ምስክሮቹን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ይህ የተነገረ ለፍርድ ቤት ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከዚህ ሊያንስ አይገባውም።

3ኛ. ደረጃን በመጠበቅ። ጌታችን አስቀድሞ ለብቻ፣ ቀጥሎ በሁለት ወይም በሦስት ሰዎች ፊት፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን እንድንነጋገር አዝዟል (ማቴ. 18፥15-17)። ምክር፣ ማስጠንቀቂያ፣ እገዳና ስንብትም በየተራቸው ይምጡ። ከቅዳሴ የዘገየና ፈተና የሰረቀ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

4ኛ. ንስሐንና ክስን በመለየት። ተማሪው ለንስሐ አባቱ የነገረው በደል የኮሚቴ ማስረጃ ሊሆን ከቶ አይገባም። እንዲህ ከሆነ ተማሪው ቅጣትን ፈርቶ ከንስሐ ይሸሻል፤ ቤቱም ነፍስን ለማዳን ቆሞ ሳለ የመዳኛውን በር ይዘጋል።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?

ቅን ፍርድን ከአለቆች ብቻ አንጠብቅ። ባልንጀራችን ሲከሰስ፣ የወንዛችን ልጅ ነው ብለን በሐሰት ብንመሰክርለት፣ የሌላ አገር ልጅ ሲሆን ደግሞ ወሬውን ብናናፍስበት፣ ያን ጊዜ እኛው ከሶስና ከሳሾች ጋር ተቆጠርን። ጥፋቱ በእውነት ከተገኘብንም ቅጣቱን በትሕትና እንቀበል፤ ያልተገባ ከመሰለን በሥርዓቱ ይግባኝ እንበል እንጂ በሐሜት አንበቀል። የተቀጣውንም ወንድማችንን አንሽሸው፤ የቅጣት ዓላማ መመለስ ነውና።

የከተማችን ስም የሰላም ቦታ ማለት ነው። ቅን ፍርድ በሌለበት ቤት ግን ጸጥታ ቢኖር እንኳ ሰላም አይኖርም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የትምህርት ቤት ደንብ ለተማሪው በጽሑፍ ሳይሰጠው ሊቀጣበት ይገባልን?
2. በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ አባል ሲያጠፋ ከአራቱ የትኛውን እንዘነጋለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።