የማዕድን ሕግና የወንጀል ቅጣት

ማዕድን ሲባል ወርቅና ዕንቍ ብቻ አይደለም፤ በወላይታ ለቤት መሥሪያ የሚፈለጠው ድንጋይና ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋም ማዕድን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ፥ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ገበሬ በእርሻው ቢያዝም፥ ከሥሩ ያለውን ማዕድን አውጥቶ ለመነገድ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን አዋጅ ቍጥር 678 ይህንኑ ደንግጓል።

ያለ ፈቃድ የሚቈፍር በወንጀል የሚቀጣው ስለ ምንድን ነው? ካሣ መክፈል ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ባለጠጋ ካሣውን እንደ ዕቃ ዋጋ ቈጥሮ ይቈፍር ነበር፤ እስራት ግን በገንዘብ አይለካም።

ነገር ግን ቅጣት የሚመጣው ከጥፋት በኋላ ነው። የተናደውን አፋፍ አይመልስም፤ ክፍት በቀረ ጕድጓድ የወደቀውን ልጅ አያስነሣም። ደግሞም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ81ኛው አንቀጽ፥ «ሕጉን አላወቅሁም» ማለት ከጥፋተኛነት እንደማያድን ይገልጻል፤ በቅን ልቡና፥ በበቂ ምክንያት፥ መብት አለኝ ብሎ ላደረገ ሰው ግን ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።

እንግዲህ አለማወቅ ካላዳነ ማሳወቅ ግዴታ ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሰው፥ ሕጉን አስቀድሞ የሰማ ነውና፥ መምህር በትምህርት ቤት፥ ሽማግሌም በሸንጎ፥ ዶማ ሳይነሣ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ አሸዋ የማን ሀብት ነው? ካሣ ብቻውን ስለ ምን አይበቃም?