ወዳጁን ያልረሳ ተጫዋች

በእስጳንያ አገር፥ አልባሴቴ በሚባለው ክፍል፥ ፉዌንቴአልቢያ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በዚህች መንደር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓመት አንድሬስ ኢኒዬስታ ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነበረ፤ ቤታቸውም የባለጸጋ ቤት አልነበረም።

አንድሬስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኳስ መጫወት ይወድ ነበር። 12 ዓመት በሆነው ጊዜ የባርሴሎና የእግር ኳስ ማኅበር ላ ማሲያ ወደሚባለው የልጆች ማደሪያ ተቀበለው። ባርሴሎና ግን ከመንደሩ እጅግ የራቀች ከተማ ናት። ወላጆቹ በዚያ ትተውት በተመለሱ ጊዜ ልጁ አብዝቶ አለቀሰ። ነገር ግን ናፍቆቱን ታግሦ በትምህርቱና በጨዋታው ጸና።

ቁመቱ ረጅም፥ ጕልበቱም ከሌሎች የበረታ አልነበረም። ኳሱ እግሩ ሳይደርስ ዓይኑ ጓደኞቹ የቆሙበትን ስፍራ ያይ ነበር፤ ኳሱንም ስፍራ ላገኘው ጓደኛ ያቀብል ነበር። በ2002 ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ጋር ተቆጠረ፤ እስከ 2018ም ድረስ ከባርሴሎና ጋር 9 ጊዜ የእስጳንያን፥ 4 ጊዜም የአውሮፓን ማኅበሮች ውድድር አሸነፈ።

አንድሬስ ዳኒ ሃርኬ የሚባል ወዳጅ ነበረው። ሃርኬ የባርሴሎና ተፎካካሪ የሆነው የኤስፓኞል ቡድን አለቃ ነበረ። የሁለቱ ቡድኖች ፉክክር ግን ፍቅራቸውን አላፈረሰውም። በ2009 በነሐሴ ወር ሃርኬ በ26 ዓመቱ በልብ ሕመም በድንገት ሞተ። አንድሬስ እጅግ አዘነ፤ መንፈሱም ደከመ። ጭንቀቱን ግን በኩራት አልሸሸገም፤ የሐኪሞችን እርዳታ ለመነ እንጂ።

በ2010 ሐምሌ 11 ቀን በደቡብ አፍሪቃ፥ በዮሐንስበርግ ከተማ፥ እስጳንያና ሆላንድ ስለ ዓለም ዋንጫ ተጋጠሙ። በ90 ደቂቃ ውስጥ ማንም ግብ አላገባም፤ ስለዚህ 30 ደቂቃ ተጨመረ። በ116ኛው ደቂቃ አንድሬስ ኳሱን መትቶ አገባ። ወዲያውም ማሊያውን አወለቀ። ከውስጥ በለበሰው ነጭ ካናቴራ ላይ፥ «ዳኒ ሃርኬ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ነው» የሚል በእጅ ተጽፎ ነበር። ማሊያ ማውለቅ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ ዳኛው ቢጫ ካርድ አሳየው፤ አንድሬስም ቅጣቱን ተቀበለ። እስጳንያ በዚያ ቀን የዓለምን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘች።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ባርሴሎና ወደ ኤስፓኞል ሜዳ ሄዶ ተጫወተ፤ አሸነፈም። የኤስፓኞል ሰዎች ግን ተሸንፈው ሳሉ ለአንድሬስ አጨበጨቡለት። በሌሎችም ከተማዎች እንዲሁ ሆነ። ከዚህ በኋላ በጃፓንና በዐረብ አገር ተጫውቶ፥ በ2024 በ40 ዓመቱ ጨዋታውን ተወ።

ልጆች ሆይ፥ ብዙ ሰው በሐዘኑ ቀን ወዳጁን ይፈልጋል፤ በክብሩ ቀን ግን ይረሳዋል። አንድሬስ የዓለም ሁሉ ዓይን በእርሱ ላይ ባረፈበት ሰዓት የሟች ወዳጁን ስም ከፍ አደረገ። በግቡ የገዛ አገሩ ሰዎች ወደዱት፤ በታማኝነቱ ግን ተፎካካሪዎቹም አከበሩት።

ጥያቄ።
1. አንድሬስ በላ ማሲያ ስለ ምን አለቀሰ?
2. በካናቴራው ላይ ምን ተጽፎ ነበር?
3. የኤስፓኞል ሰዎች ስለ ምን አጨበጨቡለት?