ለቤታችን ጤና የሚበጁ ሦስት መጻሕፍት

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ምግብ ተነጋግረናል። ዛሬ ደግሞ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ለምትኖሩ ቤተሰቦች ደጋግሜ ያነበብኳቸውን ሦስት መጻሕፍት ልጠቁማችሁ።

1ኛ. «ጢቡን ነበዊ»፦ የደማስቆው ዓሊም ኢብኑል ቀይም (1292–1350 እ.ኤ.አ.) «ዛዱል መዓድ» ከተሰኘው ሥራቸው አንዱ ክፍል ነው። ስለ ማርና ስለ ጥቁር አዝሙድ በሰፊው ያወሳል፤ መታከም ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭም ያስረዳል።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ማር ፈውስ እንዳለበት በሱረቱ ነሕል መወሳቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም ለተሕኒክ ተምር ጠፋ ብላችሁ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አታቅምሱ። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ቦቱሊዝም የተባለ በሽታ አምጪ ተሕዋስ በጨቅላ አንጀት ተራብቶ መርዝ ያመነጫል፤ ጡንቻን ያዝላል፣ ትንፋሽንም ሊያቋርጥ ይችላል። ለአዋቂ የሚበጀው ማር ለሕፃን አደጋ ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

2ኛ. የአዘነ በቀለ የኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍ፦ በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን በ2007 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ወጥቷል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን የአማርኛ ስምና ሥዕል አለው። በማሳችን ዳር ያሉትን ዋንዛና ብሳና እዚያ ታገኟቸዋላችሁ። ይሁንና አንድ ተክል መድኃኒት ነው ማለት መጠኑ ታወቀ ማለት አይደለም። ኮሶ እንኳ ከመጠን ካለፈ መርዝ ነው። ስለዚህ ከመጠጣታችሁ በፊት የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

3ኛ. «ሐይ ኢብን የቅዟን»፦ በ1185 እ.ኤ.አ. የሞቱት የአንደሉሱ ሐኪም ኢብን ጡፈይል በዐረብኛ የጻፉት ታሪክ ነው። ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ ተፈጥሮን እያስተዋለ ዕውቀት ይገበያል። ልጆቻችን «ለምን?» ብለው እንዲጠይቁና የራሳቸውን መፍትሔ እንዲፈልጉ ያነቃቃል።

«እኛ ዐረብኛም እንግሊዝኛም አናነብም» እንዳትሉ። ዐረብኛውን ኡስታዙ ያውጉላችሁ፤ እንግሊዝኛውን ተማሪው ልጃችሁ ያንብብ፤ ቅጠሉን ደግሞ እናት ታሳይ። ከዐስር ሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንዲህ መማማር ራሱ ለመንፈስ ዕረፍት ነው።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀትና ሙሉ ጤና ይስጠን። ወሰላም!