ክረምት፣ ኮንዶሚኒየም እና የልጅ ልጆች

ትምህርት ተዘግቷል፣ ውጪ ዝናብ ነው፤ አያቶች ሶፋ ላይ ከሚዘሉ ልጆች ጋር ቤት ውላችኋል። ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጡ እንደሚቀል ይገባኛል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከ3 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ቢያንስ 3 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል። በአንዴ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ተደማምሮ።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ እናት «ዶክተር፣ እኔ እንዴት ልሩጥ?» አሉኝ። እርስዎማ ቁጭ ይበሉ፣ የሚሮጡት እነሱ ናቸው! ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሳሉላቸው። የካልሲ ኳስ ባልዲ ውስጥ ይወርውሩ። አንድ ዕቃ ደብቀው ያስፈልጓቸው። (ታች ያለው ጎረቤት ይቅር ይበለን።)

አደራ፣ ቡና እየተፈላ ሩጫ የለም። ጀበና ከተደፋባቸው ቶሎ ለ20 ደቂቃ የቧንቧ ውሃ ያፍስሱበትና ጤና ተቋም ይውሰዷቸው፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ለትንንሾቹ ደግሞ ቆሎና ጠጠር መጫወቻ አይሁን፣ ያንቃል።