ለድብ ባሕር ቤትህ ቡፌ ስትሠራ

ልጄ፣ ለአዲሱ ቤትህ ቡፌ በገዛ እጅህ ልትሠራ መነሣትህ ደስ ብሎኛል። መጋዙን ሳታነሣ ይህን ስማኝ።

1. እንጨቱን ከቆላው ጋር አላምደው። ከሁሉ አጥብቄ የምነግርህ ይህን ነው። ጣውላህ የሚመጣው ከጎንደር ወይም ከደባርቅ ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው፤ እንጨቱ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ እኛ ዘንድ፣ ድብ ባሕር ቆላ፣ ሙቀቱን ሲያገኝ እርጥበቱን ይለቃል፣ ይኮማተራል። የሚኮማተረውም በወርዱ ነው፤ በቁመቱ እምብዛም አይታወቅም። እንደ መጣ ከቆረጥከው፣ በክረምት ልክክ ብሎ የተዘጋው በር ሚያዝያ ላይ ይንሻፈፋል። ስለዚህ ቡፌው በሚቆምበት ክፍል፣ ከወለሉ ከፍ አድርገህ፣ በየጣውላው መሀል ስንጥር እያስገባህ ደርድረው። አንድ ቁራጭ ለይተህ በየሳምንቱ በባለሱቁ ሚዛን መዝነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ሥራህን ጀምር፤ ወራት ቢፈጅም ጠብቅ።

2. ዋንዛ ካገኘህ ዋንዛ ይሁን። ለመላጊያ ይታዘዛል፣ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ከየት እንደተቆረጠ ጠይቅ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ገበሬ በማሳው ያሳደገውን፣ ፈቃድ ያለውን ግዛ። የሰሜን ተራሮችን ደን ያራቆተ እንጨት እቤትህ እንዲገባ አልፈልግም። ባሕር ዛፍ ለጣሪያ ይሁንህ፤ ለበር ይጣመምብሃል።

3. የበሩን መሀል ጣውላ በኮላ አታጣብቀው። ዙሪያውን ክፈፍ በወንዴና ሴቴ አያይዝ፣ ኮላውን እዚያ ብቻ ቀባ። የመሀሉን ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ፣ በየጎኑ ጥቂት ሚሊሜትር ትርፍ ትተህ፣ ልቅ አድርገህ አስገባው። ከአየሩ ጋር ሲሰፋና ሲጠብ መፈናፈኛ ካጣ ይሰነጠቃል።

4. ከጣውላው በፊት ዕቃህን ለካ፦ ረከቦቱን፣ ጀበናውን፣ የወለቃ ሸክላህን። የመደርደሪያው ቁመት ከዚያ ይወጣል። አግዳሚው ረጅም እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ያው ሸክም ሳይለወጥ ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምር መጉበጡ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ሳንቲሜትር ካለፈ መሀሉ ላይ ድጋፍ አቁም።

5. ምስጥን አትናቅ። እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁም፣ ጀርባውንም ከግድግዳው ሦስት ጣት ያህል አርቅ።

6. ቫርኒሹን ውስጡንም ውጭውንም እኩል ቀባ። አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ጣውላ ባልተቀባው በኩል እርጥበት እየሳበና እየለቀቀ ይቆለመማል።

7. መስታወት የመጨረሻ ሥራህ ይሁን። ልኩን ካለቀው በር ላይ ውሰድ፤ በየጎኑም ሁለት ሚሊሜትር ቀንስለት። ከጎንደር ስታስመጣው በመኪናው ላይ አታስተኛው፤ በጎኑ አቁመህ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ እሰረው።