ስለ ደጃዝማች ባልቻ ተቃውሞ

ለመምህራን፦ ይህን ታሪክ ስታስተምሩ፣ አዲሱን ሥራ የተቃወመውን ሁሉ ከሐዲ አድርጋችሁ ለልጆች አትንገሩ።

በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከመንግሥት ተሽረው ንግሥት ዘውዲቱ ሲመረጡ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። እርሳቸውም በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር አስገቡ፤ በባሪያ ንግድ ላይም አዋጅ አወጡ፤ በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ቤት ያደጉ፣ በዐድዋ በመድፈኛነት የታወቁ፣ ሲዳሞንም እንደ ፈቃዳቸው የሚገዙ ነበሩና የጌታቸው ሥርዓት መለወጡን አልወደዱም።

በ1920 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በተጠሩ ጊዜ፣ 10,000 ያህል ሠራዊት አስከትለው ንፋስ ስልክ ሰፈሩ፤ ይህም ከሰበታ ወደ ከተማ ለሚገባ ሰው በስተቀኝ የሚገኘው ስፍራ ነው። አልጋ ወራሽ ለግብር ጠሯቸው፤ እርሳቸውም 600 ያህል ጭፍራ ይዘው ገቡ። ግብሩ ሲበላ ሳለ ራስ ካሣ ኃይሉ ወደ ሰፈሩ ሄደው የቀረውን ሠራዊት በገንዘብ አባብለው አሰናበቱት። ባልቻ ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ሜዳ ነው፤ ሹመታቸውም ተወስዶ ነበር። ጭፍራው ጌታውን ጠልቶ አልሄደም፤ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ገባ እንጂ። ሽማግሎች ይህን ነገር ቢያብራሩላቸው ልጆቹ በይበልጥ ይረዱታል።

ራስ ተፈሪ በመስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ። ባልቻም ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ ገዳም ገቡ፤ ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ግን በእርጅናቸው ጠመንጃ አንሥተው በ1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ሞቱ።